መሣሪያ ቀጠሮ ሲያፈርስ

አንባቢ ሆይ፤ በሰፈርዎ ዕድር ውስጥ ሁለት ዓይነት አገልጋዮች እንዳሉ ልብ ብለው ያውቃሉን? አንደኛው ጥሩምባ ነፊው ነው። ሰው ሲሞት ከሟቹ ቤት አንድ ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳል፤ እርሱም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል። እንቅልፍ ጥሎት ባይሰማ እንኳ በሩ ደጋግሞ ይንኳኳል፤ ኀዘን የደረሰበት ሰው ዝም ብሎ አይመለስምና። ሁለተኛው ወርኀዊውን መዋጮ የሚሰበስበው ነው። ይህኛው የሚመጣው ሰው ጠርቶት ሳይሆን ቀኑ ደርሶ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ወር ሳይመጣ ቢቀር ማን ይፈልገዋል? እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘብ ሰብሳቢ ቀረብኝ ብሎ ፍለጋ የወጣ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብሁት ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው አገልጋይ ነው፤ ይኸውም ሥራው ከሰው እጅ ወጥቶ ለመሣሪያ ከተሰጠ ወዲህ ስለሚደርሰው ነገር ነው። በዚህ ዘመን የፕሮግራም ሙያ ያልተማረ ሰው እንኳ በኮምፒዩተር ላይ ጥቂት ሣጥኖችን በመስመር እያገናኘ «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» ብሎ ሥራ ማዘዝ ይችላል። ዛፒየር፣ ሜክ፣ ኤንኤይትኤን፣ የማይክሮሶፍት ፓወር አውቶሜት የሚባሉት ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ጥቂት መስመር ኮድ መጻፍ ለማይፈራ ሰው ደግሞ የጉግል አፕስ ስክሪፕት አለለት። በእነዚህ ሁሉ ላይ የመጀመሪያው ሣጥን ቀስቃሽ ነው፤ ባለሙያዎቹ ትሪገር ይሉታል። ቀስቃሹም እንደ ዕድሩ አገልጋዮች ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነገር ሲደርስ ይነሣል፤ ኢሜይል ሲገባ፣ ቅጽ ሲሞላ፣ ገንዘብ ሲከፈል። ሌላው ሰዓት ሲደርስ ይነሣል፤ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ።

የመጀመሪያው ሲበላሽ በር የሚያንኳኳ ባለጉዳይ ስላለ ቶሎ ይታወቃል። ቅጹን የሞላው ሰው መልስ ሲያጣ ይደውላል፤ ሲብስበትም ይቈጣል። ሁለተኛው ሲበላሽ ግን የሚሰማ ጩኸት የለም፤ የተሰበረም ነገር አይታይም። መሆን የነበረበት ነገር ሳይሆን ቀረ፣ ይኸው ብቻ ነው። ያልሆነን ነገር ማየት ደግሞ ለሰው ዓይን ከባድ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አለመሆኑን በራሳችን ዕድር ከደረሰው ልግለጽልዎ። በ2015 ዓ.ም. አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ኮምፒዩተር የተማረና ለሽማግሌ መታዘዝ የሚወድ፣ በነፃ ከሚሰጡት መሣሪያዎች በአንዱ የማስታወሻ ሥራ አሰናዳልን። መሣሪያው በየወሩ የአባላቱን መዝገብ ይከፍታል፤ ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው እየሄደ ለእያንዳንዱ በስልኩ «የዚህ ወር መዋጮ ደርሷል» የሚል አጭር መልእክት ይልካል። አባሉም በቴሌብር ይከፍላል። ቀድሞ በወር አንድ እሑድ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር ገንዘብ የምንቀበለው፤ ጠረጴዛው ተነሣ፣ ወረፋው ቀረ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀኑን በራሱ የሚያስታውስ አባል አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጁም ከዓመት በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄደ።

በግንቦት መጀመሪያ 2017 ዓ.ም. ከአባሎቻችን አንዲት ወይዘሮ ባለቤታቸው ዐረፉባቸው። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም፤ በ«ፈ» ፊደል የሚጀምር መሆኑን ብቻ ይያዙልኝ። መዝገቡ ሲገለጥ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ መዋጮ አልተከፈለም። በደንባችን ደግሞ ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል መብቱ ይቋረጣል። የዕድሩ ዳኛ አስተዋይ ሰው ናቸውና «ድንኳኑ ይውጣ፤ ክርክሩ ከሠልስት በኋላ ይደርሳል» ብለው አዘዙ። ለኀዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ተያዘ። በሰፈር ውስጥም «ዕድሯን አልከፈለችም» የሚለው ወሬ ከገንዘቡ ይልቅ እንደሚከብድ እርስዎም ያውቁታል።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ስብሰባ ተደረገ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ነበር። «ባለቤቴን ሳስታምም ቀንና ሌሊቱ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ስልኩ ሲነግረኝ እከፍል ነበር፤ ስልኩ ዝም ሲል እኔም ዝም አልሁ» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ጸሐፊው ስልካቸውን አውጥተው «እኔ ዘንድ በየወሩ ደርሷል፤ ይኸው» ሲሉ ለሁሉ አሳዩ። ለዳኛውም ደርሷቸዋል፤ ለገንዘብ ያዧም ደርሷቸዋል፤ ለእኔም ደርሶኛል። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮዋን የሚያምን ሰው ጠፋ። ዳኛው ግን ለመወሰን አልቸኰሉም፤ ሦስት ሰዎች ይመርምሩት አሉ። ሥራዬ ከኮምፒዩተር ጋር ስለሆነ ከሦስቱ አንዱ እኔ ሆንሁ።

መሣሪያውን ከመክፈታችን በፊት መዝገቡን ወሰድንና ከየካቲት ወዲህ ዘግይቶ የከፈለውን ወይም ያልከፈለውን አባል ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግንበት። መዝገቡ በፊደል ተራ የተጻፈ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ደ» ድረስ ቀዩ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ብቻ ነበር። ከ«ገ» አጋማሽ ጀምሮ ግን ገጹ በሙሉ ቀላ፤ የገ፣ የጠ፣ የጸ፣ የፈ ሰዎች አብዛኛዎቹ ዘግይተዋል ወይም ጨርሶ አልከፈሉም። ከሦስታችን አንዱ የነበሩት ጡረታ የወጡ መምህር መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡን ጥቂት ተመለከቱና «ስንፍና በፊደል ተራ አይመጣም» አሉ።

ከዚህ በኋላ ምክንያቱን ማግኘት አላስቸገረም። እንዲህ ያሉ በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሮጥበትን ደቂቃ ይወስናሉ፤ ደቂቃው ሲያልቅ ሥራው ባለበት ይቆማል። ልጁ ሥራውን ሲያሰናዳ 310 ያህል አባላት ነበርን፤ መሣሪያውም መዝገቡን ጨርሶ ጊዜ ይተርፈው ነበር። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በአቅራቢያችን ካለው ኮንዶሚኒየም ብዙ ሰዎች ገቡና 412 ሆንን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ 360ኛው ስም ላይ ሲደርስ የተፈቀደለት ጊዜ ያልቃል። የቀሩት 52 ሰዎች መልእክት አይደርሳቸውም። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዧ ግን ስማቸው በ«መ»፣ በ«ለ»ና በ«አ» ይጀምራል። ስለዚህ ዕድሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች በሙሉ ጉድለቱን ሊያዩት ከማይችሉበት ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። አዳዲሶቹም አባላት ቢሆኑ ስማቸው በየፊደሉ መካከል ስለገባ ቀድሞ የነበሩትን ወደ ታች ገፉ እንጂ እነርሱ አብዛኛዎቹ አልተጐዱም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። መሣሪያው ጨርሶ ዝም አላለም ነበር። ሥራው ሳይፈጸም በቀረ ቍጥር ላሰናዳው ሰው በኢሜይል ያስታውቃል። ይኸውም ማስታወቂያ የካቲትም፣ መጋቢትም፣ ሚያዝያም ተልኳል፤ የተላከው ግን ልጁ ተማሪ ሳለ ይጠቀምበት ወደነበረውና ዛሬ ማንም ወደማይከፍተው ሣጥን ነው።

ዳኛው ይህን ሲሰሙ ለ52ቱም ሰዎች ያለ ቅጣት ውዝፉን እንዲከፍሉ ፈቀዱ፤ የወይዘሮዋም ገንዘብ በማግሥቱ ተሰጣቸው። ጸሐፊው ቤታቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። በሰፈር የተወራው ወሬ ግን በምን እንደሚመለስ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

እኔን ነገሩ አላስተኛ ስላለኝ፣ በቀጠሮ የሚነሣ ሥራ የሚወድቅባቸውን ሌሎች መንገዶች አንድ በአንድ መመልከት ያዝሁ። ከሁሉ የሚገርመው ሰዓቱ ራሱ ነው። ልጁ ሥራውን መጀመሪያ ሲያሰናዳ ከጧቱ 2 ሰዓት እንዲላክ አስቦ በሰዓቱ ቦታ ላይ 2 ብሎ ጻፈ። መሣሪያው ደግሞ የሚቈጥረው በግሪንዊች ሰዓት ነበር። የግሪንዊች 2 ሰዓት ለእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት 310 ስልክ በአንድ ሰፈር ሲጮህ ምን ሊሆን እንደሚችል ያስቡት! በአገራችን ጎሕ ሳይቀድ የሚጮህ ስልክ መርዶ ነው፤ ከዕድር ሲሆን ደግሞ ጥርጥር የለውም። መብራት ያላበራ ቤት፣ ከአልጋው ያልተነሣ ሽማግሌ አልነበረም። ልጁም ደንግጦ በፈረንጅ አቈጣጠር 8 ብሎ ለወጠው፤ በሚቀጥለው ወር መልእክቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት መጣ። ሁለት ክፍተቶች ነበሩና አንዱን ብቻ ነበር የደፈነው። አንደኛው በእኛና በፈረንጆቹ አቈጣጠር መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው በአዲስ አበባና በግሪንዊች መካከል ያለው ሦስት ሰዓት ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት ለማግኘት 5 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። መሣሪያው የሰዓት ክልል የሚያስመርጥ ከሆነ አዲስ አበባን መምረጥ ይህን ሁሉ ሒሳብ ያስቀራል፤ ስድስቱን ሰዓት ግን ማንም መሣሪያ አይደፍንልዎትም።

ሰዓቱን ያልነገሩት መሣሪያ የራሱን ይወስዳል። ለምሳሌ ያህል በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ የሚተከለው ኤንኤይትኤን ሌላ ካልታዘዘ የሚሄደው በኒውዮርክ ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ጧት 2 ሰዓት ለማለት 8 የጻፈ ሰው መልእክቱ በበጋ ጊዜያቸው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 10 ሰዓት ይደርሰዋል። ማንም ሳይነካው አንድ ሰዓት መዝለሉ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ነው፤ ከ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ በመጋቢት ወራቸው ሁለተኛ እሑድ ወደ ፊት፣ በኅዳር ወራቸው መጀመሪያ እሑድ ወደ ኋላ ያዞራሉ። ወደ ፊት በሚያዞሩበት ሌሊት ከሁለት ሰዓታቸው እስከ ሦስት ሰዓታቸው ያለው ጊዜ ጨርሶ የለም። በዚያ መካከል የተቀጠረ ሥራ፣ እንደ መሣሪያው ጠባይ፣ ወይ ይዘለላል ወይ ወደ ሌላ ሰዓት ይገፋል። ወደ ኋላ በሚያዞሩበት ሌሊት ደግሞ አንዱ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሥራውም ሁለት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ዋሽንግተን ካሉ ልጆቻቸው ጋር በቀጠሮ የሚነጋገሩ ወላጆች ይህን የአንድ ሰዓት ነገር ያለ ኮምፒዩተርም በሚገባ ያውቁታል።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ቀኑ አለ። ያየኋቸው መሣሪያዎች ወር ሲባሉ የሚያውቁት የፈረንጆቹን ወር ብቻ ነው። ልጁ የእኛ ወር የሚብተው በእነርሱ 10ኛው ቀን ገደማ መሆኑን አይቶ «በየወሩ በ10ኛው ቀን» ብሎ አዘዘው። ገደማ መሆኑ እውነት ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን በእነርሱ 11ኛው ቀን ነበር፤ ኅዳርና ታኅሣሥ በ10፣ ጥር በ9፣ የካቲት በ8፣ መጋቢት እንደገና በ10፣ ነሐሴ በ7 ጀመሩ። ስለዚህ የኅዳር መልእክት በልኩ ኅዳር 1 ቀን ሲመጣ፣ የየካቲቱ በ3ኛው ቀን፣ የጥቅምቱ ደግሞ ገና መስከረም 30 ቀን መጣ። የመስከረምን መዋጮ የሚጠይቀው መልእክትማ የሚደርሰው ጳጉሜን 5 ቀን ነው። ሰዎች ለዐውደ ዓመት በግና ዶሮ ሲገዙ በዚያው ቀን ዕድር ሲጠይቃቸው ደስ እንደማይላቸው አያከራክርም። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚቀጥለው ዓመት ወራት ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ አንድ ቀን ወደ ፊት ይገፋሉ።

በፈረንጆቹም በኩል ቢሆን ነገሩ ቀጥ ያለ አይደለም። በወሩ 31ኛ ቀን ይሠራ ተብሎ የታዘዘ ሥራ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ በዓመት የሚሠራው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው፤ 31 ያላቸው ወራት ሰባት ናቸውና። ክሮን የሚባለውም የቀጠሮ አጻጻፍ የራሱ ወጥመድ አለበት። ይህ አጻጻፍ ዩኒክስ ከሚባለው ሥርዐት የመጣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ዛሬም ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከሣጥኖቻቸው በስተጀርባ እርሱን ይጠቀማሉ። «ከ1 እስከ 7 ባለው ቀን» ብለው አንድ ቦታ ላይ፣ «እሑድ» ብለው ሌላ ቦታ ላይ ቢጽፉ የወሩ መጀመሪያ እሑድ የሚያገኙ ይመስልዎታል። በተለመደው ክሮን ዘንድ ግን ሁለቱ ቀኖች «ወይም» እንጂ «እና» አይደሉም። ሰባቱን ቀን በሙሉ ይሠራል፤ ከዚያም በላይ በየእሑዱ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ስለ ቁልፉ። መሣሪያው መዝገብ የሚከፍተውና መልእክት የሚልከው በአንድ ሰው ስም በተሰጠው ፈቃድ ነው። ይህን እንደ ውክልና አድርገው ይመልከቱት። ወካዩ የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሲለቅ፣ ሒሳቡ ሲዘጋ፣ ውክልናው ብዙ ጊዜ አብሮ ይፈርሳል። ጊዜ የሚገደብለትም አለ። ጉግል ስድስት ወር ሙሉ ሥራ ላይ ያልዋለን የፈቃድ ቁልፍ ይሽራል፤ ገና በሙከራ ላይ ነው ተብሎ ለውጭ ተጠቃሚዎች የተመዘገበ ሥራ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ በ7 ቀን ሊያልቅ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት በትክክል ሲሠራ ሰንብቶ በስምንተኛው ቀን የሞተ ሥራ ካዩ ሌላ ቦታ ከመፈለግዎ በፊት እዚህ ይመልከቱ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ከዚህም የባሰ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ በሩን የሚከፍትበት ቁልፍ አይኖረውም።

መሣሪያው የሚተኛበትም ጊዜ አለ። በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ቀጠሮው ያልፋል። የቀድሞው ክሮን ያመለጠውን ሥራ መብራት ሲመጣ ተመልሶ አይሠራውም፤ አመለጠ ማለት አመለጠ ማለት ነው። በኋላ የመጡ አንዳንዶች ያመለጠውን ያሟላሉ፤ ነገር ግን ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሦስት መልእክት በአንድ ጊዜ የሚልክ አሟይም አለና ይህም ሳይታሰብበት የሚወደድ ነገር አይደለም። በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ደግሞ ሥራ ፈቶ ያዩትን ያስተኛሉ። ጊትሃብ በሚባለው ቦታ ለሁሉ ክፍት በሆነ ማከማቻ ውስጥ የተቀጠረ ሥራ፣ ማከማቻው 60 ቀን ምንም ካልተነካ፣ ቀጠሮው በራሱ ይቋረጣል።

ሰው ሁሉ ሙሉ ሰዓት ስለሚወድ ያም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ሺህ ሰው ሥራውን ልክ በ8 ሰዓት፣ ልክ በ9 ሰዓት ይቀጥራል፤ በዚያች ደቂቃ አገልጋዩ ኮምፒዩተር ጧት እንደ ታክሲ ወረፋ ይጨናነቃል፤ ሥራው ይዘገያል፣ አልፎ አልፎም ይጣላል። የጉግሉ አፕስ ስክሪፕት ይህን ለማስቀረት «3 ሰዓት» ሲሉት ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል የወደደውን ደቂቃ ይመርጣል። ይህን የማያውቅ ሰው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ይከሳል።

ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ለምን አይታወቅም ቢሉ፣ ፈተናው ሌላ ነገር ስለሚፈትን ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ ላይ «አሁን አስኪድ» የሚል ቁልፍ አለ። አሰናጁ ሦስት ስም አስገብቶ ይጫነዋል፤ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ ሁሉም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጣት የተጫነው ቁልፍ ግን ሣጥኖቹ መገናኘታቸውን እንጂ ቀጠሮውን አልፈተነም። ሰዓቱን አልፈተነም፤ አሰናጁ ከሄደ በኋላ ቁልፉ መክፈቱን አልፈተነም፤ 412 ሰው መድረሱን አልፈተነም። ብዙ ጊዜማ ሥራው ገና ረቂቅ ነው። በኤንኤይትኤን ላይ በእጅ ሲያስኬዱት ያለ እንከን የሚሠራ ሥራ፣ ሥራ ላይ ይዋል ተብሎ ካልታዘዘ በቀጠሮው አንድ ቀን እንኳ አይነሣም። እኔ በበኩሌ አረንጓዴውን ምልክት ማመን ትቻለሁ። የማምነው በማግሥቱ ጧት ማንም ሳይነካው የደረሰውን መልእክት ነው።

በዕድራችን ያደረግነውን ልንገርዎ። በመጀመሪያ ፈቃዱን ከልጁ ስም አውጥተን በዕድሩ ስም አደረግነው፤ የስሕተቱም ማስታወቂያ ለጸሐፊው፣ ለገንዘብ ያዧና ለእኔ እንዲደርስ አዘዝን። ሁለተኛ፣ «በየወሩ» የሚለውን ትእዛዝ ሰረዝነው። መሣሪያው በየቀኑ ጧት ይነሣል፤ ሙሉ ሰዓቱን ሸሽተን 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አልነው። ሲነሣ የዕለቱን ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያሰላል። ቀኑ የወሩ 1ኛ ቀን ከሆነ፣ ወሩም ጳጉሜን ካልሆነ መልእክት ይልካል፤ አለዚያ ተመልሶ ይተኛል። ሦስተኛ፣ ለማን እንደላከ በመዝገቡ ጐን ይጽፋል። ጊዜው ቢያልቅበት ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይነሣና ካቆመበት ስም ይቀጥላል፤ ለተላከለትም ሰው ሁለተኛ አይልክም።

አራተኛው የመምህሩ አሳብ ነው። መሣሪያው በየቀኑ ጧት፣ ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ አንድ መሥመር እንዲጽፍ ሆነ፤ በወሩ መጀመሪያ «ለ412 ከ412 ልኬአለሁ» ይላል፤ በሌላው ቀን «ነቅቻለሁ፤ ዛሬ የምልከው የለም» ይላል። የምሥራች ስላልሆነ መጀመሪያ ላይ ብዙዎች ሣቁበት። መምህሩ ግን ይህ መሥመር ለኮሚቴው ብቻ መሄድ የለበትም አሉ፤ የኮሚቴው ስም ሁሉ ከመዝገቡ መጀመሪያና መካከል ነውና ከመዝገቡ መጨረሻ አንድ ሰው ይጨመር ሲሉ ተከራከሩ። ወይዘሮዋን ጠየቅናቸው። እሺ አሉ።

እስከ 3 ሰዓት ድረስ መሥመሩ ካልደረሳቸው ለጸሐፊው እንዲደውሉ ነበር የተስማማነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በደኅና አለፉ። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት ከ5 ሲሆን የጸሐፊው ስልክ ጮኸ።

«ጳጉሜን መዋጮ የለባትም እኮ፣ እመቤቴ» አሏቸው ጸሐፊው።

«እርሱንማ አውቃለሁ፤ ነቅቻለሁ የሚለው ግን አልመጣም።»

ጸሐፊው ከፍተው ቢመለከቱ በነፃ የተፈቀደልን የሥራ ልክ ሞልቶ መሣሪያው ከሌሊቱ ጀምሮ ተዘግቷል። በየቀኑ እንዲነሣ ማዘዛችን ልኩን ቶሎ ጨርሶት ኖሯል። ገንዘብ ያዧ ጥቂት ብር ከዕድሩ ሣጥን አውጥተው ከፈሉ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ መሥመሩ መጣ። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የመዋጮው መልእክት ለ412ቱም ደረሰ።